የሙሽራዋ ሲንቄ

ኢፋ ሰናይትን መጀመሪያ ያስተማራት የመጋዝ አያያዝ አልነበረም፤ የጣት አያያዝ ነበር።

«እንጨት ይተካል» አላት ያን ቀን፣ አውራ ጣቷን ከመጋዙ ጥርስ ራቅ እያደረገ። «ጣት ግን ከየት ይመጣል?»

ጣቷን መልቀቁን ግን ረሳው። እሷም ልቀቀኝ አላለችም። ሁለቱም መጋዙን የሚያዩ መስለው፣ መጋዙን ሳያዩ፣ ዝም ብለው ቆሙ። አንድ ባጃጅ በደጅ ሲያልፍ ጡሩንባውን ባይነፋባቸው ኖሮ እስኪመሽ እዚያው ተገትረው ይቀሩ ነበር።

ሰናይት የደሴ ልጅ ናት። ነቀምት የመጣችው ጂኦግራፊ ልታስተምር ነው፤ ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው የኢፋ እንጨት ቤት የገባችው ደግሞ የመጻሕፍት መደርደሪያ ልታሠራ። መደርደሪያው በሳምንቱ አለቀ፤ የእሷ መመላለስ ግን አላለቀም። «እስቲ እኔ ልሞክር» ብላ መላጊያውን ተቀበለችው። መላጊያው እንደ ባለጌ በቅሎ ዘለለና ጣውላውን ቦጨቀው። ኢፋ በሳቅ ፈረሰ። «መምህርት፣ ተማሪሽ አደረግሽው እንዴ? አትቆጪው፤ አባብዪው እንጂ!» አላት። እያባበለች ለመደች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች መቁረጥ፣ ከዚያ መላግ፣ ከዚያ በመሮ መብሳት ተማረች። ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ የምትለው ሁሉ ወዲህ ወዲያ ይዋዥቃል፤ የማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ሲደገፍበት በስንጥቁ ብርሃን ያልፋል። ቢሆንም አንድም ቀን አልሰለቻትም። ሰጋቱራ ፀጉሯ ላይ ተነስንሶ ወደ ቤቷ ስትሄድ የሰፈሩ ሰው «መምህሯ አናጢ ሆነችልን!» እያለ ይስቅ ነበር። ይሳቅ! ሰናይት በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ፍቅራቸውን የማያውቅ አልነበረም። መንገዱን የዘጋው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የኢፋ ታላቅ ወንድም መርጋ። አባታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። አይሱዙ ይነዳል፤ ክንዱ የግንድ ያህል ነው፤ ቁጣው ከክንዱ ይብሳል። «መምህር ወፍ ነው» ይል ነበር። «ዛሬ እዚህ፣ ነገ ዝውውር። ስትሄድ ኢፋን አንጠልጥላው ትሄዳለች፤ እኛም ወንድማችንን በስልክ ስናየው እንኖራለን።»

የሰናይት አባት አቶ ማዘንጊያም ቀላል ሰው አይደሉም። ከደሴ በስልክ ቁርጡን ነግረዋታል። «ልጁ ታላቅ ወንድም አለው አላልሽኝም? እሱ መጥቶ ደጄ ላይ ቆሞ ይጠይቀኝ። ቤተሰቡ ያልፈለጋትን ልጄን አውጥቼ አልጥልም፤ በቃ።»

ኢፋ ይህንን ለመርጋ ሲነግረው መርጋ ሳቀበት። «ደሴ? እኔ? ሬሳዬ ይሄዳል!»

እንግዲህ የሁለት ሰው ዕድሜ በአንድ ሰው እግር ላይ ተንጠለጠለ። ሰውየው ደግሞ እግሬን አላነሣም አለ።

እናታቸው አዴ ድርቤስ? እንጨት ቤቱና የእሳቸው ቤት አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሰናይት ስትገባም ስትወጣም ያገኟታል። «አካም ጅርታ፣ አዴ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው «ነጋ»፣ ደህና፣ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አይጨምሩም። ይውደዷት ይጥሏት አይታወቅም። ሰናይትን ያስጨነቃት ይኸው ዝምታቸው ነበር።

ለዚህ ነው የኬኔ ሰርግ ሲቃረብ የስጦታ በርጩማ ልሥራ ብላ የተነሣችው። ኬኔ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ እሑድ ቢላ ከተማ ላለ ሰው ልትዳር ነው። ሰናይት ገዝታ መስጠት አልፈለገችም። በገዛ እጇ ሠርታ ብትሰጥ እናትዬው ያዩላታል፤ ምናልባትም ከ«ነጋ» ያለፈ ቃል ይሰጧታል። ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘግቶ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ እንጨት ቤት ዋለች። መቀመጫውን ከዋንዛ አወጣች። እግሮቹን አበጀች። አንዱ ቢያጥር ሌላውን አሳጠረች፤ ሌላው ደግሞ አጠረባት፤ በርጩማው ከቀን ወደ ቀን ወደ መሬት ተጠጋ። በመጨረሻ ረቡዕ ዕለት የቀራት ካቪላ ብቻ ሆነ፤ እግሩን ከመቀመጫው ጋር ሰፍታ የምትይዘው ትንሿ የእንጨት ችንካር።

«ደረቅና ጠንካራ እንጨት ይሁን» አላት ኢፋ። «እርጥቡ ነገ ይኮማተርና ይወልቃል። ከቁርጥራጩ ጥግ ምረጪ። እኔ ኮላ ገዝቼ መጣሁ።»

ወጣ። ሰናይት ጥጉን በረበረች። ባህር ዛፉን ጣለችው፤ ጥዱን ጣለችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆመ ቀጭን ዘንግ አገኘች። ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ በጥፍር ቢጭሩት የማይጫር። ስትመዝነው እንደ ብረት ከበዳት። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ማንም ሳይነግራት እንጨት አወቀች! መጋዙን አነሣች፤ ጣቷን እንደተማረችው ሰበሰበች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳይዛነፍባት አራት ቦታ ቆረጠችው። ካቪላዎቹን ጠርባ በመዶሻ መታ መታ አድርጋ አስገባቻቸው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አልተንገዳገደም።

ኢፋ ኮላውን ይዞ ሲገባ «ና ተቀመጥበት! ና፣ ጌታዬ፣ ተቀመጥ!» ብላ እጁን ጎተተችው።

ኢፋ አልተቀመጠም። የተረፈችውን የዘንግ ጫፍ ከመሬት አነሣ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሰኒ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?»

«ከጥጉ ነዋ፤ አንተ ያልከኝ ጥግ።»

«እኔ ነኝ» አለ ለራሱ። «እኔ ነኝ እዚያ ያቆምኳት። ወይኔ ኢፋ!»

በተቆራረጠ ድምፅ ነገራት። ዘንጓ ሲንቄ ትባላለች። እናት ለሴት ልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጣት ናት፤ ልጅቱ እሷን ይዛ ካልወጣች እንደ ወጉ ተዳረች አይባልም። ይቺኛዋን አዴ ድርቤ ራሳቸው ጫካ ወርደው መርጠው፣ ቆርጠው፣ ቅቤ እየቀቡ ለኬኔ ያደረሷት ናት። አንዲት ጉጥ ቀርታባት ነበርና ለኢፋ «አለስልሳት» ብለው ሰጡት። እሱ ግድግዳ አስደግፎ ረሳት።

ሰናይት ከበርጩማው ላይ ተነሣች። በገዛ እጇ የሠራችው የመጀመሪያ ነገር እንደ ጠላት ከታች ያያት መሰላት። ልታስደስታቸው የፈለገቻቸውን እናት ነው የቆረጠቻቸው። «ምን ይሻለኛል?» አለች።

መርጋ እያፏጨ ገባ። የሰርግ ሽርጉድ ላይ ነበርና ደስ ብሎታል። «ኢፋ፣ ሲንቄዋን አምጣ፤ አዮ ቅቤ ልቀባት ብላለች።» አዮ የሚላቸው እናቱን ነው።

ፉጨቱ ተቋረጠ። ወንድሙ እጅ ላይ ያለውን ቁራጭ አየ። በርጩማውን አየ። ሰናይትን አየ።

«ማነው?» አለ። ሰናይት እንድትሰማ በአማርኛ ነው የጠየቀው።

«እኔ ነኝ» አለ ኢፋ ፈጠን ብሎ።

«ውሸታም!»

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ። ሳላይ ቆረጥኳት።»

ቡጢው ኢፋን አገጩ ላይ አገኘው። ወደ ኋላው ጣውላ ክምር ላይ ወደቀ፤ ጣውላው እየተንኳኳ ተናደበት። ኢፋ እጁን አላነሣም፤ ታላቅ ወንድም ነዋ፣ አባት ነዋ! መርጋ በእግሩ ጎኑን ረገጠው። «የእህትህን ሲንቄ! የእናትህን የእጅ ሥራ!» እያለ ደገመው። ኢፋ ተጣጥፎ ትንፋሽ ፈለገ፤ አጣ። ከንፈሩ ላይ ያለው ሰጋቱራ በደም ቀላ።

«ተወው!» ብላ ጮኸች ሰናይት። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የቆረጥኩት! አላወቅኩም፤ በእናትህ፣ አላወቅኩም!»

መርጋ ዞረ። ሰናይት ያኔ ያየችውን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ሰው የሚያይ ዓይን አልነበረም። በመዳፉ ጀርባ አፏን መታት። ካልተጠናቀቀው ቁምሳጥን በር ጋር ተላተመች፤ በሩ ከማጠፊያው ተነቀለ። አፏ ውስጥ ጨው ጨው አለ። መሬት ላይ ተቀምጣ እጇ ላይ የሚንጠባጠበውን ደም የሌላ ሰው ይመስል ትመለከት ጀመር።

እስከዚህች ደቂቃ እጁን ያላነሣው ኢፋ ያኔ ተነሣ። አንድ ወፍራም ጣውላ በሁለት እጁ መዞ የወንድሙን ግንባር ገመሰው። ድምፁ የእንጨት አልነበረም። መርጋ በጉልበቱ ወደቀ፤ ደሙ ዓይኑን ሸፈነው፤ በዳበሳ እጁ ያረፈው አንድ መጥረቢያ ላይ ነው።

«መርጋ! መርጋ፣ ተው!» አለችው ሰናይት።

አልሰማም። ተነሥቶ ሰነዘረው እንጂ አልሰማም። ኢፋ ወደ ኋላ ሲሸሽ የመሥሪያ ጠረጴዛው ያዘው፤ በግራ እጁ ተደግፎ ሊያመልጥ ሲል መጥረቢያው ወረደ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ስለቱ ጣውላው ውስጥ ተቀረቀረ። ኢፋ እጁን ስቦ አየው፤ አመልካች ጣቱ የለም። መጀመሪያ ጩኸት አልወጣውም፤ «እንዴ» ብቻ አለ፣ እንደሚገረም ሰው።

ሰናይት ጮኸች። መርጋ መጥረቢያውን ከጠረጴዛው ፈልቅቆ አወጣ። ምን እንዳደረገ ገና አላየም፤ ደሙ ጋርዶታል፤ ንዴቱም ጋርዶታል። እንደገና አነሣው።

ያን ጊዜ በመካከላቸው አንዲት ቀጭን ዘንግ ገባች።

አዴ ድርቤ ነበሩ። የገዛ ሲንቄያቸውን፣ ዘወትር ከመዝሙር መጽሐፋቸው አጠገብ ግድግዳ ላይ የምትሰቀለውን፣ በሁለት እጃቸው አግድም ይዘው በልጆቻቸው መካከል ቆሙ። አልጮኹም፤ አልገፉም። «ዻበዻ» አሉ፤ ቁሙ ማለት ነው። የመርጋ ክንድ አየር ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ጉልበት አንዲት ቀጭን እንጨት ማለፍ አቃተው። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። ያኔ ነው የወንድሙን እጅ ያየው። ግድግዳውን ይዞ ተንሸራተተና ቁጭ አለ፤ እንደ ሕፃን «አዮ… አዮ…» ይል ጀመር።

እናትዬው ትተውት ዞሩ። በርጩማውን አዩ፤ የቀረችውን ቁራጭ አዩ። ከዚያ ሰናይትን አዩ። የሰናይትን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ወጡ፤ በሩን አልፈው መንገዱ መሐል ቆመው፣ ሲንቄያቸውን ወደ ላይ አንሥተው በኦሮምኛ ይጣሩ ጀመር። ሰናይት ቃሉ አልገባትም። ድምፁ ግን አጥንቷ ድረስ ገባ። በሰፈሩ አንዱ በር ተከፈተ፤ ሌላው ተከፈተ። ሴቶች ዘንግ ዘንግ እየያዙ ወደ መንገዱ ይወጣሉ።

«ረገሙኝ» አለች በሆዷ። «ከተማውን በሙሉ ጠሩብኝ።»

ነጠላዋን ቀድዳ የኢፋን እጅ ጠቀለለች። ከዚያም፣ አቤት የሰው ልጅ የሚችለው ነገር፣ ተንበርክካ ሰጋቱራውን በእጇ እያበጠረች ጣቱን ፈለገች። አገኘችው። በመሐረቧ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ይዛው ተሳፈረች። ሐኪሙ መሐረቡን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። «ይሄ አይሆንም፤ እህቴ» አላት ረጋ ብሎ። ያን ጊዜም አላለቀሰችም። ሦስት ስፌት ከንፈሯ ላይ ሲሰፋም አላለቀሰችም። እንባዋ የት እንደገባ ራሷም አላወቀችም።

ኢፋ ከሰመመኑ ሲነቃ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

«ዝውውርሽን ጠይቂ» አላት።

«ምን?»

«ሂጂ፣ ሰኒ። ወንድሜ ነው። ዛሬ አንድ ጣት ሄደ፤ እዚህ ከቀረሽ ነገ አንዳችን እንሞታለን። እኔም ልገድለው ነበር። ጣውላውን ሳነሣ ልገድለው ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

«አትፈልገኝም ማለት ነው?»

የታሰረውን እጁን አንሶላው ሥር ደበቀ። 

«ብፈልግሽ ምን ይፈይዳል?» አለ።

 ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ቢያባርራት ይሻላት ነበር። እየወደደ ሂጂ የሚል ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል? ተነሥታ ወጣች፤ ወደ ኋላም አላየች፤ ብታይ መሄድ አትችልም ነበር።

በማግሥቱ ሻንጣዋን እየከተተች ሳለ ኬኔ በሩን አንኳኳች። ዓይኗ አብጧል። ሙሽራ አትመስልም፤ ከለቅሶ የመጣች ትመስላለች።

«ሰኒ፣ እናቴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሴቶቹም ቤታቸው አልገቡም፤ በራችን ላይ ያለው ዛፍ ሥር ናቸው፤ ምሳ የሠራችም የለች። ሁሉም በአንቺ ነው። እባክሽ ነይ፤ ካልመጣሽ አይፈታም።»

«ከነዘንጋቸው?»

«ከነሲንቄያቸው ነዋ!»

ለኬኔ ይህ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነው፤ የማያውቅ ሰው በምድር አለ ብላ አላሰበችም። ስለዚህ ምንም አላብራራችም። ሰናይት ደግሞ የተረዳችው በፍርሃቷ ልክ ነበር። ሊያስወጧት ነው። ምናልባትም ሊመቷት። አውቶብሱ ደግሞ ሊወጣ ነው፤ ሻንጣዋ እጇ ላይ ነው፤ በጓሮ በኩል መናኸሪያ መድረስ ትችላለች።

ቆማ አሰበች። ልትሸሽ ትችላለች። ግን የሙሽራ ወግ ቆርጣ፣ ሁለት ወንድማማች አጋድላ፣ ይቅርታ እንኳ ሳትጠይቅ ሸሸች ይባላል፤ ይባል ግድ የለም፤ እውነት መሆኑ ነው የከበዳት። ሻንጣውን አስቀመጠችው።

«ይምቱኝ» አለች። «እንሂድ።»

ኬኔ ሰናይት ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም፤ ግን እጇን ያዘቻት።

በግቢው በር ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ሴቶቹ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ፈንጠር ብለው ቆመዋል። መርጋ ግንባሩ በፋሻ ታስሮ፣ የምሕረት መለመኛውን እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ ተንበርክኳል። ኢፋም ከሐኪም ቤት ወጥቶ በወዲያኛው በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ወንድሙን አያይም፤ እሷንም አላያትም። ሰናይት ስትቀርብ ሴቶቹ ሁሉ ዘንጋቸውን ይዘው ብድግ አሉ።  አዴ ድርቤ እግር ሥር ተደፋች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላወቅኩም። ለኬኔ ስጦታ ልሠራ ብዬ ነው። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።»

ክንዷን ይዘው ወደ ላይ ጎተቷት።

«ማነው ተንበርከኪ ያለሽ?» አሉ አዴ ድርቤ፤ አማርኛቸው ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው። «ተነሺ። ዛሬ የሚንበረከከው ሌላ ነው።»

በጣታቸው የተሰፋውን ከንፈሯን ዳሰሱት። ከዚያ ወደ መርጋ ዞሩ፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ይህን ፊት ማነው የመታው?»

«አዮ፣ እሷ እኮ የኬኔን ሲንቄ…»

«ማነው የመታው ነው ያልኩህ!»

መርጋ አንገቱን ደፋ። «እኔ።»

«ሲንቄ ለምን የተሰጠን ይመስልሃል? ዘንጓን ልናመልካት ነው? ዘንግ ጫካ ሞልቷል፤ ለኬኔ ዛሬውኑ ሌላ እቆርጥላታለሁ። ሲንቄ የተሰጠን ሴት እንዳትመታ ነው! አንተ በሲንቄ ስም ሴት መታህ። ያቺ ልጅ እንጨት ነው የቆረጠችው። ሲንቄን የሰበርከው አንተ ነህ።»

ሴቶቹ ባንድ ድምፅ አጉረመረሙ። ሰናይት ዙሪያዋን አየች። ፊቶቹ ሁሉ ወደ መርጋ ነበሩ። ያ ሁሉ ዘንግ፣ ያ ሁሉ ጦም፣ ያ የትናንት ጩኸት… በእሷ ላይ አልነበረም፤ ለእሷ ነበር። ለባዕዷ፣ ለመምህሯ፣ ከ«ነጋ» በቀር ቃል ላልተሰጣት። ኬኔን ተደገፈች።

«የተበደለችው ናት የምትናገረው» አሉ አዴ ድርቤ። «ሽማግሌዎቹ ለካሣ ጊደር ይስጥ ብለዋል፤ ከፈለግሽ ትወስጃለሽ። ሕግ ከፈለግሽ ጣቢያው እዚያ ነው፤ እኔ እናቱ እጁን ይዤ አስገባዋለሁ። አንቺ ሳትታረቂ እዚህ ካለነው አንዳችንም ቤታችን አንገባም። ንገሪን፤ ምን ይደረግልሽ?»

 መርጋ ሣሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። የመጀመሪያዋ ነበር፤ ይህ ሰው እንደ ሰው ሲያያት። ኢፋም ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ትናንት ሂጂ ያላት አፍ ዛሬ ምንም አላለም፤ ዓይኑ ግን አትሂጂ፣ አትሂጂ ይላል፤ ማንም ያነበዋል።

«ጊደሩን አልፈልግም» አለች ሰናይት። ከንፈሯ እያመማት ነበር የምትናገረው። «ጣቢያም አልፈልግም። መርጋ፣ ደሴ ትሄዳለህ።»

ሰው ተንጫጫ።

«አባቴ ደጅ ሄደህ ትቆማለህ። መጀመሪያ ‹ልጅዎን መታኋት› ትላለህ። ከዚያ ‹ለወንድሜ ስጡኝ› ትላለህ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ።»

«መጀመሪያ ያንን ካልኩ፣ ሁለተኛውን ለማለት በሕይወት እቆያለሁ?» አለ መርጋ።

ሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ሰናይት አልሳቀችም።

«እሱን ለአባቴ ተወው።»

መርጋ ወደ ኢፋ ዞረ፤ የታሰረውን እጅ አየ። ሣሩ ከእጁ ረገፈ።

«ወንድሜን ትወስጅብኛለሽ ብዬ ነው» አለ። «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሌላ አይደለም። እሱን ይዘሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ… ይኸው በገዛ እጄ ቆረጥኩት።»

«አልወስደውም፣ መርጋ» አለች ሰናይት። «እናንተ ውሰዱኝ ነው የምለው።»

 ኢፋ ከድንጋዩ ተነሥቶ ጥቂት ተራመደና ቆመ፤ ከዚያ በላይ መቅረብ የፈራ ይመስል። አዴ ድርቤ የሰናይትን እጅ አልለቀቁም። መርጋ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሾፌር ቅንድቡን ሰብስቦ አሰበ።

«ደሴ በስንት ቀን ይደረሳል?» አለ።

ለዱላው ያልወጣ፣ ለጣቱ ያልወጣ፣ ለስፌቱ ያልወጣ እንባ ያኔ መጣ። ሰናይት አዴ ድርቤ ትከሻ ላይ ፊቷን ደፍታ፣ ሴቶቹ ሁሉ እያዩዋት፣ መልሱን መናገር እስኪያቅታት ድረስ አለቀሰች።